የጃንዋሪ አንድ ልጆች

ታክስ የሚሠራበት ወራት ሲገባ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሀበሻ ቡና ቤቶች ከስኒው አጠገብ ፌስታል ይቀመጣል። ፌስታሉ ውስጥ ፖስታዎች አሉ። ያልተከፈቱ፣ ተከፍተው የታጠፉ፣ በላስቲክ የታሰሩ፣ ጀርባቸው ላይ በእስክሪብቶ «ሶሻል»፣ «ባንክ»፣ «የሐኪም ቤት» የተባለባቸው። ባለቤቶቹ ስድሳ አምስትን ያለፉ አባቶችና እናቶች ናቸው። ሥራ ላይ ያለው ልጅ እስኪደርስላቸው ቡናቸውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ከአጠገባቸው ከተቀመጠ ደግሞ «ልጄ፣ እስቲ ይችን እይልኝ» ማለታቸው አይቀርም። እኔም እንዲህ እየተባልኩ ብዙ ፖስታ አንብቤያለሁ።

በወረቀቶቹ ላይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው የትውልድ ቀኑ ላይ ነው። ጃንዋሪ 1፣ 1952። ጃንዋሪ 1፣ 1958። ጃንዋሪ 1፣ 1961። የቡና ቤቱ ሽማግሌዎች ግማሽ ያህሉ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ዕለት የተወለዱ ይመስላሉ። በሱዳን ወይም በኬንያ በኩል በስደት የመጣ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር መናገር ያልቻለ ሰው ሲቀርብ፣ መዝጋቢው ዓመቱን ይገምትና ወርና ቀኑን ጃንዋሪ 1 ብሎ ይሞላዋል። እናትየው ግን ቀኑን አልረሳችውም። የሚካኤል ዋዜማ ነበር፣ ጤፉ ታጭዶ ገና አልተከመረም፣ አባትየው ገበያ ወርዶ ነበር። ይህን ሁሉ የሚይዝ ቦታ በቅጹ ላይ የለም።

የአሜሪካ የግብር ሕግ ለእነዚህ የጃንዋሪ አንድ ልጆች ሳያስበው አንድ ነገር አድርጎላቸዋል። ሕጉ ሰው ዕድሜውን የሚሞላው ከልደቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ነው ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ ጃንዋሪ 1፣ 1961 የተወለደ ሰው 65 የሞላው በ2025 የመጨረሻ ቀን ነው፤ ለዓመቱ በሙሉም እንደ 65 ዓመት ሰው ይታያል። በፌዴራሉ ቅጽ ላይ «ከጃንዋሪ 2፣ 1961 በፊት የተወለደ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷ ላይ ምልክት ማድረግ ይችላል። በሁለተኛው ቀን የተወለደ ጎረቤቱ አንድ ዓመት ይጠብቃል። ሶሻል ሴኩሪቲም እንዲሁ ነው፤ ጃንዋሪ 1፣ 1960 የተወለደ ሰው እንደ 1959 ተወላጅ ስለሚቆጠር ሙሉ ጡረታውን በ67 ዓመት ፈንታ በ66 ከ10 ወር ያገኛል። ይህን ለአንድ አባት ሳስረዳቸው ወረቀታቸውን ተቀብለው ቀኑን ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና «ታዲያ ያ መዝጋቢ ሳያውቅ ጠቅሞኛል» አሉ።

የተጎዱም አሉ። ትምህርት ቤት ለመግባት፣ በቤተሰብ ስም ለመምጣት ወይም በመዝጋቢው ግምት ዕድሜያቸው ያነሰባቸው። ጸጉራቸው ነጭ፣ ጉልበታቸው ደካማ፣ ወረቀታቸው ግን ገና 61 ይላል። ከእነዚህ አንዱ ሌሊት ፓርኪንግ ይሠራሉ። «አጥንቴ ጡረታ ከወጣ ቆየ፤ ያልወጣው ወረቀቴ ነው» ብለውኛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጡረታና የግብር ሕግ ሁሉ የቆመው በዕድሜ ላይ ነው፤ ዕድሜው በወረቀት የተዛባበት ሰው መብቱም አብሮ ይዛባበታል።

በጥር የሚመጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ወረቀት፣ 1099 የሚባለው፣ ሌላ ክርክር ያመጣል። ሳጥን 5 ላይ የተጻፈው የዓመቱ ድምር ባንክ ከገባው ይበልጣል። «ይህን ያህልማ አልደረሰኝም!» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለሜዲኬር የጤና መድን በየወሩ የሚቆረጠው፣ በ2025 ለአብዛኛው ሰው 185 ዶላር የነበረው፣ ሳጥኑ ውስጥ እንደተከፈላቸው ሆኖ ይገባል። በዓመት 2,220 ዶላር ማለት ነው። እጃቸው ሳይነካው የሄደ ገንዘብ በስማቸው ሲጻፍ ቅር ይላቸዋል፤ እኔንም ቅር ይለኛል።

ለሽማግሌ ታስቦ የተሠራ ደስ የሚል ነገርም አለ። ኮንግረስ በ2018 ባወጣው ሕግ መሠረት 1040 ኤስ አር የሚባል ቅጽ ከ2019 የግብር ዓመት ጀምሮ ወጥቷል። ይዘቱ እንደ ዋናው ቅጽ ነው፤ ፊደሉ ግን ተለቅ ያለ ነው። መነጽሩን ቤት ረስቶ የመጣ ሰው እንኳ ቁጥሩን ይለየዋል።

ቡና ቤት ውስጥ «ድሮ ጡረታ ታክስ አይነካውም ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ በ1935 በሩዝቬልት ፊርማ ሕግ ሆነ። የመጀመሪያው ወርሃዊ ቼክ የተጻፈው ጃንዋሪ 31፣ 1940 ሲሆን፣ የተቀበሉት በቬርሞንት ስቴት፣ ሉድሎ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ አይዳ ሜይ ፉለር የተባሉ የሕግ ቢሮ ጸሐፊ ነበሩ። ቼኩ 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ያዋጡት በጠቅላላው 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። እሳቸው ግን መቶ ዓመት ኖሩ፤ እስኪሞቱ 22,888 ዶላር ከ92 ሳንቲም ተቀበሉ። ከዚህ ላይ የገቢ ግብር የጠየቃቸው አልነበረም።

ጥያቄው የመጣው በ1983 ነው። የጡረታው ካዝና ሊደርቅ ሲቃረብ ሬጋን በፈረሙት ሕግ፣ ገቢው ከተወሰነ መጠን ያለፈ ጡረተኛ ከጥቅሙ እስከ ግማሹ ግብር እንዲቆጠርበት ተደረገ። ወሰኑ ለብቸኛ ሰው 25,000፣ ለባልና ሚስት 32,000 ዶላር ሆነ። በ1993 ደግሞ ከፍ ያለ ገቢ ላላቸው እስከ 85 በመቶ የሚደርስ ሌላ እርከን ተጨመረበት። እኔን የሚያሳዝነኝ እነዚያ ቁጥሮች ዛሬም እዚያው መቆማቸው ነው። ከ1984 ወዲህ የኪራዩ ዋጋ፣ የዳቦው ዋጋ፣ የመድኃኒቱ ዋጋ ስንት ጊዜ ተነሳ! 25,000 ግን 25,000 ነው። ያኔ ደኅና ገቢ ያላቸውን ለመንካት የተሰመረው መስመር ዛሬ በሳምንት ሦስት ቀን ሽማግሌ የምትጠብቅ እናት እግር ሥር ደርሷል።

በ2025 ሐምሌ አዲስ የፌዴራል ሕግ ሲወጣ «የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ ቀረ» የሚል ወሬ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እስከ ሥጋ ቤት ተዛመተ። አልቀረም። የተሰጠው 65 ዓመት ለሞላው ለእያንዳንዱ ሰው እስከ 6,000 ዶላር የሚደርስ ተቀናሽ ነው፤ ከ2025 እስከ 2028 ብቻ ይሠራል፤ የብቸኛ ሰው ገቢ ከ75,000፣ የባልና ሚስት ከ150,000 ሲያልፍ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ተቀናሽ የወደድኩት አንድ ነገር አለ። ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ከጡረታም ይሁን ከደመወዝ፣ ዕድሜው ከሞላ ይቀንሳል። ይህን ነጥብ አንባቢዬ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ስቴቶቹ ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ስቴቶቹ እንግዲህ እንደየጠባያቸው ናቸው። ሶሻል ሴኩሪቲን የሚነኩት በየጊዜው እያነሱ መጥተዋል። ሚዙሪ፣ ካንሳስና ነብራስካ በ2024 ተዉት፤ ዌስት ቨርጂኒያ ደረጃ በደረጃ ስትቀንስ ቆይታ በ2026 ጨረሰች። የቀሩት ስምንት ናቸው፤ ከነሱም አብዛኞቹ መካከለኛ ገቢ ያለውን ይምሩታል። የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው መካከል ኮሎራዶና ሚኒሶታ አሉበት፤ ኮሎራዶ ግን 65 ለሞላው ሙሉ በሙሉ ትተዋለች። የፉለር አገር ቬርሞንትም፣ የመጀመሪያዋ ቼክ የገባባት፣ ገቢው ከፍ ያለውን ጡረተኛ ዛሬም ታስከፍላለች። ኢሊኖይና ፔንሲልቬንያ ደግሞ ከደመወዝ ላይ አንድ ወጥ ግብር ይወስዳሉ፤ በጊዜው የወጣን የጡረታ ገንዘብ ግን፣ ሶሻሉንም የድርጅቱንም፣ አይነኩም።

ሲያትል፣ ዳላስ፣ ሂውስተን፣ ላስ ቬጋስ ያለው ወገናችን ከደመወዙም ከጡረታውም ለስቴት የሚከፍለው የገቢ ግብር የለም። ይህ ዝና እኛ ሰፈር ድረስ መጥቷል። አንዲት እናት ዕቃቸውን ሊያስጭኑ ጥቂት ሲቀራቸው እንዲህ ተነጋገርን።

«ቴክሳስ ታክስ የለም አሉኝ። ልሄድ ነው።»

«እማማ፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ ሌላ የሚገባልዎት ገቢ አለ?»

«ምን አለኝ ልጄ፣ እሷው ናት።»

«እንግዲያው ቨርጂኒያም ከእርስዎ የምትወስደው የለም እኮ። ሶሻል ሴኩሪቲን አትነካም።»

ዝም አሉ። የሰንበት ማኅበራቸው፣ የጽዋ ጓደኞቻቸው፣ ከትምህርት ቤት የሚቀበሉት የልጅ ልጃቸው ሁሉም እዚህ ነው። ይህን ሁሉ ትተው ሊሄዱ የነበረው ያልተጫነባቸውን ሸክም ለማውረድ ነበር። ቴክሳስ ቤት ለሚገዛ ደግሞ የቤቱ ግብር ከባድ ነው፤ 65 ለሞላው የትምህርት ቤቱ ድርሻ ከነበረበት እንዳይጨምር ይያዝለታል እንጂ አይቀርም። ብዙ ጡረታ ላለው ሰው መሄዱ ሊያዋጣ ይችላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ብቻ ላለው ግን ስለ ግብር ብሎ መሰደድ ትርፍ የለውም፤ ልጅና የልጅ ልጅ ካለበት ከተማ ስለ ወሬ መነቀል ያሳዝነኛል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉትን ሁለት ጎረቤቶች፣ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን፣ አስተያይቼ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር አለ።

ሜሪላንድ 65 ለሞላው ሰው የጡረታ ነፃነት ትሰጣለች። ጣሪያው በ2024 የግብር ዓመት 39,500 ዶላር ነበር። ከዚያ ላይ በዓመቱ የተቀበለው ሶሻል ሴኩሪቲ ይቀነሳል፤ የተረፈውን ያህል የድርጅት ጡረታ ከግብር ነፃ ይሆንለታል። ለጋስ ሕግ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ገንዘቡ ከአሠሪ የጡረታ ዕቅድ የመጣ መሆን አለበት። በአሠሪ በኩል የሚጠራቀመው ፎር ኦ ዋን ኬ ይቆጠራል። ሰው በግሉ የሚይዘው የጡረታ ሂሳብ፣ አይ አር ኤ፣ ግን አይቆጠርም።

ይህች ልዩነት ስንቱን ጎድታለች። አንድ አባት ለረጅም ዘመን ሆቴል ሠርተው ሲወጡ፣ ፎር ኦ ዋን ኬ ያጠራቀሙትን ይዘው ወደ አንድ ባንክ ይሄዳሉ። ጠረጴዛው ማዶ ያለው ትሑት ወጣት «ወደ አይ አር ኤ ይዛወርልዎት» ይላቸዋል። ይፈርማሉ። ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው፤ ያው ላባቸው ነው። ሜሪላንድ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሌላ ነገር ታየዋለች። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለሚኖር መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው የስቴቱ 4.75 በመቶ የካውንቲው 3.2 በመቶ ተደምሮ፣ ግብር ከሚቆጠርበት ከያንዳንዱ መቶ ዶላር ወደ 8 ዶላር ነው። ያ ወጣት ክፉ ሰው ነው አልልም፤ የፌዴራሉን ሕግ ያውቃል፤ የሜሪላንዷን መስመር ግን የነገረው የለም። እኔ የምለምነው፣ ከሥራ የሚወጣ ሰው ከመፈረሙ በፊት ስለዚህች መስመር አንድ ጊዜ ይጠይቅ።

ከዚህ የባሰው ገና ነው። ሁለት ጎረቤታሞች እናስብ፤ ሁለቱም 67 ዓመታቸው፣ ሁለቱም እዚያው ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁለቱም ከሶሻል ሴኩሪቲ 11,000 ዶላር ያገኛሉ። አንዱ ከቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው 26,000 ዶላር ጡረታ ይመጣላቸዋል። ሌላዋ ጡረታ የሚሰጥ ሥራ አግኝተው አያውቁም፤ ሆም ኬር ሠርተው 26,000 ዶላር ያገኛሉ። ከ39,500 ላይ 11,000 ሲቀነስ 28,500 ይተርፋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጡረታቸው በሙሉ ነፃ ነው። የሁለተኛዋ ደመወዝ ግን «ጡረታ» የሚል ስም የለውም፤ ነፃነቱ አይደርሳቸውም። ሜሪላንድ በ2022 ባወጣችው ሕግ 65 ለሞላው መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው 1,000 ዶላር ታክስ ክሬዲት ስለምትሰጥ የስቴቱ ግብር ይሰረዝላቸዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የካውንቲው ግን ይቀራል። ቤት ተቀምጠው የሚያርፉት አይከፍሉም፤ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው በሽተኛ የሚያገላብጡት፣ ገላ የሚያጥቡት፣ ሌሊት ተነስተው መድኃኒት የሚሰጡት ይከፍላሉ። የመጀመሪያው ይክፈሉ አላልኩም። ሁለቱም አርጅተዋል እያልኩ ነው።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ስንገባ ሌላ ሕግ ነው። ቨርጂኒያ 65 ለሞላው 12,000 ዶላር የዕድሜ ተቀናሽ ትሰጣለች። ገቢው ከየት መጣ ብላ አትጠይቅም። ሶሻል ሴኩሪቲውን ሳይጨምር የብቸኛ ሰው ገቢ ከ50,000፣ የባልና ሚስት ከ75,000 ሲያልፍ ካለፈው በያንዳንዱ ዶላር አንድ አንድ ዶላር ይቀንሳል። ከጃንዋሪ 2፣ 1939 በፊት ለተወለዱት ደግሞ ቅነሳም የለበትም፤ ምሉዕ ነው። ያቺው ሆም ኬር የሚሠሩ እናት አሌክሳንድሪያ ቢኖሩ፣ ተቀናሹ ከ500 ዶላር በላይ ግብር ያነሳላቸዋል። ባለጸጋው እየቀነሰበት ይሄዳል፤ ሠራተኛዋ ትጠቀማለች። ይህን ሕግ ያረቀቀው ማን እንደሆነ ባውቅ ሄጄ እጁን ብጨብጠው ደስ ይለኛል።

ቨርጂኒያም ከጥንት እንዲህ አልነበረችም። ለራሷ ጡረተኞች፣ ለስቴቱና ለአካባቢ መስተዳድር ሠራተኞች፣ ነፃነት ሰጥታ የፌዴራሉን ጡረተኛ ታስከፍል ነበር። ሚሺጋንም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ፖል ዴቪስ የተባሉ ጡረታ የወጡ የፌዴራል ሠራተኛ ሚሺጋንን ከሰሱ፤ በ1989 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። አንድን ጡረተኛ ደመወዙን ማን ይከፍለው ነበር ብሎ መለየት አይፈቀድም ተባለ። ቨርጂኒያም ለራሷ ሠራተኞች የሰጠችውን ነፃነት አነሳች፤ የቆየው ግብር ይመለስ በሚለው ላይ ግን ተሟግታ በ1993 ተረታች። ቆይቶም ዌስት ቨርጂኒያ ያንኑ ስህተት ስትሠራ፣ ጄምስ ዳውሰን የተባሉ የፌዴራል ማርሻል የነበሩ ሰው ከሰሱና በ2019 ዳኞቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ ፈረዱላቸው። አንድ ሰው ከፖስታው ውስጥ ያገኛትን ልዩነት አይቶ «ለምን?» ብሎ እዚያ ድረስ መሄዱ ያስደንቀኛል። የአሠሪውን ስም አይቶ መለየት ስህተት ከሆነ፣ ጡረታ የሚሰጥ አሠሪ ያልገጠመውን ሰው መለየትስ? በሕግ ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ይገባኛል። በልቤ ግን ለያይቼ ማየት አልቻልኩም።

እነዚህ ሕጎች ሲጻፉ በጸሐፊዎቹ ዓይነ ሕሊና የነበረው ጡረተኛ በሃያ ዓመቱ ሥራ ጀምሮ፣ አንድ ቦታ ሠላሳ አምስት ዓመት ቆይቶ የወጣ ሰው ይመስለኛል። ሶሻል ሴኩሪቲ ራሱ ጡረታን የሚያሰላው ከፍተኛ ገቢ የተገኘባቸውን 35 ዓመታት ወስዶ ነው። በአርባ አምስት ዓመቱ የመጣ ስደተኛ እስከ 65 ቢሠራ 20 ዓመት አለው፤ የቀሩት 15 ዓመታት ዜሮ ሆነው ይገባሉ። እዚያ አገር መምህር ነበር፣ ነርስ ነበር፣ አገሩን በወታደርነት አገልግሏል፤ በዚህ ስሌት ውስጥ እነዚያ ዓመታት ዜሮ ናቸው። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የጡረታ ዘመንን የሚያገናኝ ስምምነት የለም።

ታክሲ የነዱ አባቶች ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛቸዋል። ለራሱ የሚሠራ ሰው ከገቢው ላይ በየማይሉ፣ በ2024 በማይል 67 ሳንቲም፣ ተቀናሽ ይወስዳል። ሕጋዊ ነው፤ የግብሩም ጊዜ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የጡረታው መዝገብ የሚጽፈው ከተቀናሹ በኋላ የተረፈውን ትርፍ ብቻ ነው። ቀን ከሌት የተነዳባቸው ዓመታት በሶሻል ሴኩሪቲ ወረቀት ላይ የትርፍ ጊዜ ሥራ ይመስላሉ። በስድሳ ስድስት ዓመታቸው የሚመጣውን ቁጥር አይተው «ይህ የእኔ ሊሆን አይችልም» ያሉ አባት አውቃለሁ። የእሳቸው ነበር። ለእንደዚህ ያለ ሰው «የጡረታ ግብር ተነሳ» የሚለው ዜና ምን ያደርግለታል? የሚነሳለት ግብር ድሮም አልነበረበትም። የሚያኖረው አሁንም የሚሠራው ሥራ ነው፤ ግብሩም ያለው እሱ ላይ ነው።

ገቢያቸው ከማነሱ የተነሳ «ታክስ አይመለከተኝም» ብለው የሚተዉም ብዙ ናቸው። ሜሪላንድ 60 ዓመት ለሞላው ተከራይ እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ የኪራይ እርዳታ አላት፤ ዋሽንግተን ዲሲ ሼጁል ኤች በሚባል ቅጽ ለቤት ባለቤትም ለተከራይም ትመልሳለች። ያልጠየቀ አያገኝም። በየቤተ መጻሕፍቱና በየአረጋውያን ማእከሉ AARP የተባለው የአረጋውያን ማኅበር ፈቃደኞች በነፃ ታክስ እየሠሩ፣ የእኛ እናቶች ከዚያች ጡረታ ላይ ለታክስ ሠሪ ከፍለው ይወጣሉ። የሚያግዳቸው ቋንቋው ነው። አንድ የሚያስተረጉም ወጣት ቅዳሜ ጠዋት አብሯቸው ቢሄድ ይበቃል።

አገር ቤት ገብቶ ማረፍ የሚመኘውም ጥያቄ አለው። መስከረም ላይ ሄዶ ከፋሲካ በኋላ የሚመለስ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ የምርጫ ምዝገባውና ቤቱ ቨርጂኒያ ያለ ሰው አሁንም የቨርጂኒያ ነዋሪ ነው። ጠቅልሎ የገባና ቋሚ መኖሪያውን በእውነት የለወጠ ሰው ግን፣ ስቴቱ ከጡረታው ሊወስድ አይችልም። ድሮ ካሊፎርኒያ እዚያ ሠርተው ወደ ኔቫዳ የሄዱ ጡረተኞችን ተከትላ ታስከፍል ነበር፤ ክሊንተን በጃንዋሪ 1996 የፈረሙት ሕግ ይህን ለሁሉም ስቴቶች ከለከለ። የፌዴራሉ ግብር ግን ዜጋን የትም ቢሄድ ይከተላል፤ ገቢው የሚያስገድደው ከሆነ ባሕር ዳርም ሆኖ ፋይል ማድረግ አለበት።

የሜሪላንድም የቨርጂኒያም ምክር ቤቶች በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታሉ። ኮሚቴዎቹ ሕዝብ ይሰማሉ። ጡረታ የወጡ መምህራን፣ ፖሊሶችና ወታደሮች ተደራጅተው ይመጣሉ፤ ይሰማሉም። ቨርጂኒያ ለወታደር ጡረታ የምትሰጠው ነፃነት በ2022 ከ10,000 ዶላር ተነስቶ በ2025 40,000 የደረሰው እንዲህ ነው። ይገባቸዋል። ሆም ኬር የምትሠራ የስድሳ ሰባት ዓመት እናት ግን በኮሚቴ ፊት ቀርባ ስትናገር አላየሁም። የሜሪላንድ ምክር ቤት ወዳለበት ወደ አናፖሊስ ሄደን፣ ሜሪላንድ እንደ ጎረቤቷ ዕድሜን ብቻ የሚጠይቅ ተቀናሽ እንድትጨምር፣ ካውንቲውም ጭምር እንዲምር ለመናገር ከአንዲት እናት ጋር ተነጋግረናል። እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ አስተረጉማለሁ። ተስማምተዋል፤ ቀኑ የሥራ ተራቸው ያልሆነ ቀን ከሆነ ብቻ ነው፤ የሚጠብቋቸው አሮጊት ከእሳቸው እጅ ካልሆነ አይበሉም።